የሚነበቡ መጻሕፍት ሲበዙብን ምን እናድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«አንብቡ» ተብለን ብዙ ጊዜ ተመክረናል። ዛሬ የማቀርበው ትምህርት ግን ማንበብ እየወደደ የሚነበበው ስለ በዛበት ወጣት ነው። ያ ወጣት እኔ ራሴ ነኝ።

በደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ «የማነባቸው መጻሕፍት» የሚል ርእስ ጽፌ ነበር። መምህራችን አንድ መጽሐፍ ሲጠቅሱ እጽፋለሁ፤ ጓደኛዬ ስለ ሌላው ሲያወራ እጽፋለሁ። ዝርዝሩ ስድሳ ሲያልፍ ያነበብሁት ስምንት ብቻ ነበር። ይባስ ብዬ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሦስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ተውሼ «ተራቸው ሲደርስ» በማለት ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኋቸው። ክረምት ገባ፤ ርብ ሞልቶ ውኃው ቤታችን ደረሰ። ሁለቱን አተረፍሁ፤ የአንዱ ገጾች ግን ተጣብቀው የማይገለጡ ሆኑ። ያን መጽሐፍ አንዲት ታናሽ እኅታችን ለጽሑፍ ማቅረቢያዋ ሁለት ወር ስትጠብቀው ኖራለች። ይቅርታ ስጠይቃት አልተቆጣችኝም፤ «ግድ የለም፤ አንተ አንብበኸዋልና ምን እንደሚል ንገረኝ» አለችኝ። የምነግራት አልነበረኝም።

ከዚህ በኋላ የተማርሁትን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ዝርዝሩ እንደማያልቅ ማወቅ። በመጽሐፈ መክብብ ምዕ. 12 ቁ. 12 ጠቢቡ ስለ መጻሕፍት ብዛት የተናገረውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ይህ የተባለው መጽሐፍ ሁሉ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ካሳተሙ ወዲህ የአማርኛው ልብ ወለድ ብቻ እንኳ ስንት ሆኗል! ዛሬ ደግሞ መጽሐፍ በእጅ ስልክ ሳይቀር ይመጣል። ሁሉን አነባለሁ ማለት ርብን በቅል ቀድቼ እጨርሳለሁ እንደ ማለት ነው።

2ኛ/ ብዙውን በቀን መክፈል። የቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳት መጻሕፍት 81 ናቸው፤ ገድሉና ድርሳኑ ሲጨመር ይበዛል። አባቶች ግን በብዛቱ አልተሸበሩም። 150ውን መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት አደሉት፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ በ150 ይፈጸማል። ስንክሳሩም ለየዕለቱ ተወስኗል፤ የየዕለቱን ምንባብ ግጻዌው ያሳያል። የዛሬውን ያነበበ ሰው የነገው አያስጨንቀውም። እኛም በቀን 10 ገጽ ብናነብ በወር 300 ገጽ ይሆናል፤ ይህም አንድ ደኅና መጽሐፍ ነው።

3ኛ/ አንዱን ሳይፈጽሙ ሌላውን አለመጀመር። የአብነት ተማሪ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዚያም ወደ ዜማ በተራ ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። ሁለቱንም በአንድ ክረምት ልጨርስ የሚል ተማሪ አንዱንም ሳይዝ ይቀራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕ. 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው አንድ የኢሳይያስን መጽሐፍ ነበር፤ ያልገባውንም ጠይቆ ተረዳ፤ በዚያም ተጠመቀ።

4ኛ/ መምረጥና ለሌላው ማሳለፍ። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ መጻሕፍቱ እንዲመጡለት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ይልቁንም የትኞቹን እንደሚፈልግ ለይቶ አመለከተ (2ኛ ጢሞ. ምዕ. 4 ቁ. 13)። የፎገራችን ብልህ ገበሬ ሩዝ የሚዘራው አርሞ በሚዘልቀው መጠን ነው፤ ያለዚያ አረም ይውጠዋል። ሳይነበብ ከእኛ ዘንድ የተቀመጠ የውሰት መጽሐፍም ለእኛ ሳይሆን፣ ለሚጠብቀውም ሳይደርስ ይቀራል።

እኔ አሁን ከስድሳው አምስት ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰርዣለሁ። አንዱን ሳልጨርስ አዲስ አልጽፍም፤ ከአንድ በላይም አልዋስም። የተበላሸውን መጽሐፍ ምትክ ከባሕር ዳር ገዝቼ በመጀመሪያ ለእኅታችን ሰጠኋት። እርሷ አንብባ ስትጨርስ ለእኔ ደረሰኝ፤ ምን እንደሚልም አስቀድማ የነገረችኝ እርሷ ናት።

እንግዲህ እኅቶችና ወንድሞች፤ በመጨረሻ የምንጠየቀው ስንት መጽሐፍ እንደ መዘገብን ሳይሆን ባነበብነው ምን እንደ ሠራን ነውና፣ እግዚአብሔር አስተዋይ ልቡና ይስጠን።

ለውይይት፦
ሀ/ ዛሬ በእጃችሁ ያለ፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው መጽሐፍ አለን?
ለ/ ከዝርዝራችሁ አምስት ብቻ ብታስቀሩ የትኞቹን ታስቀራላችሁ? ስለ ምን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።