«ቆንጆ ነው?» ብለህ አትጠይቅ

ቆይ፣ ያን የስሪዲ ቪዲዮህን በቴሌግራም አትልቀቀው! ከኋላህ ቆሜ እያየሁህ ነው። እማዬን የስሪዲ መነጽሩን አስደርገህ «ቆንጆ ነው?» ስትላት «ማሻአላህ!» አለችህ። ስታወልቀው ግን ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ አላየሃትም። እዚህ ከሚሴ ልፋትህን ያየ ሰው፣ አንተ ፊቱ ተገትረህ፣ «አመመኝ» አይልህም። ይሉኝታ ይይዘዋል።

ሦስት ነገር ለየብቻ ጠይቅ፦ ምስሉ ይጠራል? ቅርቡና ሩቁ ይለያል? ዓይንህን ደከመህ? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የስሪዲ ምዘና ሰነድ ለያይቶ የሚያያቸው እነዚህኑ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ራስ የሚያዞር ቪዲዮ አለና። ኦሮምኛ ለሚቀናው ደግሞ በኦሮምኛ ጠይቀው፤ ሕመም በአፍ መፍቻ ነው የሚነገር።

ያ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ ላይ የቀረጽከው ግመል አንገቱን ሁለቱ መቅረጫ ስልኮችህ ላይ የሚደቅንበትን ቁረጠው። እንደምትወደው አውቃለሁ፣ ግን ቁረጠው። ግመሉ አፍንጫ ሥር ሲመጣ የተመልካቹ ሁለቱም ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ጥራት የሚያገኙት ግን የመነጽሩ ሌንስ ባስቀመጠው ርቀት ላይ ብቻ ነው። አብረው መሄድ የለመዱ ነገሮች ሲለያዩ ግንባር ይይዛል። ስልኮቹን ጎን ለጎን ጣውላ ላይ ስታስር ደግሞ አንዱ ከፍ ብሏል። የጎን ልዩነትን አእምሮ ርቀት ብሎ ይፈታዋል፤ የላይና ታቹን ምን ያድርገው?

ፋይሉ እንዲቀልህ የግራውን ዓይን ምስል ብቻ ኮምፕረስ ማድረግህ ብልጠት ነው፣ አልነቅፍህም። አንዱ ዓይን ብዥ ያለ ቢያይ አእምሮ ጥርት ወዳለው ያደላል። ስትጨምቀው የገበያው አቧራ ላይ የወጡት አራት ማዕዘኖች ግን ብዥታ አይደሉም፤ ጠርዝ አላቸው፣ ጥሩው ዓይን አይሸፍናቸውም። እዚያ ድረስ አትጭመቀው።

ሰው ስታሳይ ማነጻጸሪያ እንዲሆንህ ያልተጨመቀውንም መሀል ላይ ደብቀህ አስገባ። ቢያንስ 15 ሰው ይሁን፣ አንዱም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጥ። አስቀድመህ ጥልቀት የማይታያቸውን ለይ፤ አንድ ዓይኑ የደከመ ሰው «ምንም አልሆንኩ» ቢልህ ስለ ቪዲዮህ የነገረህ ነገር የለም።

አብሽር፣ ነገ ሙቀቱ በረድ ሲል ጎረቤቶቹን እጠራልሃለሁ፤ ቡናውንም እኔ አፈላለሁ። መልሱን ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ መጻፍ ለማይችሉት እኔ አደርግላቸዋለሁ። አንተ ግን ደጅ ትቀመጣለህ፣ እስክጠራህ ድረስ።