ፍጥነትን መለካት

በነጭ ዓባይ ዳር በተቆረቆረችው የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ፥ በጁባ፥ ሙኑኪ የሚባል ሰፈር አለ። በሰፈሩ መንገድ እግረኛና ሞተር ብስክሌት ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈጥን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። በምን ያህል እንደሚፈጥን ግን ዓይን ሊናገር አይችልም፤ ይህ የሚታወቀው በልኬት ነው።

ፍጥነት ማለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሄደ ርቀት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ 42,195 ሜትር የሆነውን የማራቶን ርቀት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ጊዜው በሴኮንድ ሲቆጠር 8,116 ይሆናል። 42,195 ለ8,116 ሲካፈል፥ ጀግናው በየሴኮንዱ በአማካይ 5.2 ሜትር ያህል እንደ ሮጠ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ስሌት በቃል ብቻ ከተጠና ቶሎ ይረሳል፤ ተማሪው በገዛ እጁ የለካው ግን አብሮት ይኖራል። ታዲያ ቤተ ሙከራና የሴኮንድ መቁጠሪያ ሰዓት የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? የጣልያኑ ሊቅ ጋሊሌዮም እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረውም። በቀጥታ የሚወድቅ ነገር ከመፍጠኑ የተነሣ ለመለካት ስለሚያስቸግር፥ በተዳፋት ጣውላ ላይ በተቦረቦረ ቦይ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ እንቅስቃሴውን አዘገየው። ጊዜውንም የለካው ከዕቃ በቀጭን ቱቦ የወረደውን ውሃ በመመዘን ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመ መጽሐፉ ገልጾታል።

ይህ ሙከራ በሙኑኪም ሆነ በደብረ ማርቆስ ሊሠራ ይችላል። ቦይ ያለው የ4 ሜትር ጣውላ አንዱ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል። አንዱ ተማሪ ብይ ይለቃል። ሁለተኛው፥ ብዩ ሲነሣ፥ ውሃ የሞላበትን ሰፊ ባልዲ የታችኛውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ ሲደርስ በጣቱ ይደፍነዋል። ሦስተኛው የወረደውን ውሃ ይመዝናል፤ አራተኛው ይጽፋል። ብዩ መጀመሪያ 4 ሜትር፥ ቀጥሎ 1 ሜትር ብቻ እንዲጓዝ ይደረጋል። ርቀቱ በአራት እጥፍ ቢለያይም የውሃው ክብደት የሚለያየው በሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ብዩ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራልና።

በመጀመሪያው ሙከራ ውጤቱ በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ጣት ይዘገያል፥ ውሃም ይፈስሳል። ያን ጊዜ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ቁጥር የሚጽፍ ተማሪ ራሱን ያታልላል። ጋሊሌዮ ሙከራውን መቶ ጊዜ ያህል እንደ ደጋገመው ጽፏል። ያገኘውን ቁጥር ሳይደብቅ ጽፎ፥ ስሕተቱን መርምሮ፥ እንደ ገና የሚለካ ተማሪ የሳይንስን መንገድ ይዟል።