ስለ ፍጥረት የተጻፈው ትምህርትና የቆላው የዕጣን ዛፍ

ምእመናን ወደ ቤተ እግዚአብሔር ሲመጡ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዘው መምጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። ጧፉ ከሰም፣ ዘቢቡም ከወይን እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ ዕጣኑ ግን ከየትኛው አገር፣ ከምን ዓይነት ዛፍ፣ በማንስ ድካም እንደሚመጣ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ከገበያ» ከማለት አናልፍም። በዚህ ወር ልንመረምረው ያሰብነውም ይህንኑ የሚነካ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ፍጥረት መጻፍ ፍጥረትን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደረዳ፣ ያልተጻፈለት ፍጥረትስ ምን እንደሚደርስበት ነው። ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው የአሶሳንና የመተከልን ቆላ ነው፤ ዕጣን የሚወጣበት ዛፍ ከሚበቅልባቸው አገሮች አንዱ እርሱ ነውና።

አባቶቻችን ስለ ፍጥረት መጻፍን ከማንም አልተማሩም ለማለት አንደፍርም፤ ከግሪክም ከዐረብም ተርጕመው የራሳቸው አድርገዋልና። ሄኖክ ገና በመጽሐፉ መጀመሪያ ሰው ዛፎችን አስተውሎ እንዲመለከት ያዝዛል፤ ሌሎቹ ዛፎች ደርቀው ቅጠላቸውን ሲያራግፉ 14 ዛፎች ብቻ ሳያራግፉ እንደሚቆዩ ይቈጥራል። ወደ ምሥራቅ በሄደ ጊዜም ዕጣንና ከርቤ የሚሸቱ ዛፎችን እንዳየ ይተርካል። ኩፋሌ እስከ ሰንበት ድረስ የተሠሩትን 22 ፍጥረታት በየዕለታቸው ይደረድራል፤ አክሲማሮስም የስድስቱን ቀን ሥራ ያብራራል። የሥነ ፍጥረት መምህራን የሠሉስን ዕለት ሲያስተምሩ ዕፅዋትን የሚለዩት በቅጠልና በአበባ አይደለም፤ በእጅ የሚለቀሙትን፣ በማጭድ የሚታጨዱትንና በምሳር የሚቈረጡትን ነው የሚለዩት። ይህ አከፋፈል ያረሰና የቈረጠ ሰው አከፋፈል ስለሆነ ደስ ይለናል። የዕጣኑ ዛፍ ግን ከሦስቱ በአንዱ ሊገባ ያስቸግራል፤ እርሱ ቆሞ እየቈሰለ የሚሰጥ ነውና።

በአክሱም ዘመን ከግሪክ እንደተተረጐመ የሚነገረው ፊሳልጎስ ደግሞ የአራዊትን፣ የአዕዋፍንና የድንጋዮችን ጠባይ እየተረከ ምሥጢር ያወጣበታል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ መጽሐፍ አንበሳውን ከማየት ይልቅ በአንበሳው የተመሰለውን ማየት ይወዳል፤ ስለዚህ ስለ እንስሳው ኑሮ የሚነግረን ሁሉ የሚታመን አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር በአንባቢው ልብ ተክሏል፤ ፍጥረት ሁሉ ትርጕም ያለው እንጂ እንዲያው የተጣለ አለመሆኑን።

ይህ ሁሉ ንባብ አንድ ዛፍ እንኳ አድኗልን? አድኗል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል ጻድቁ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደኖሩ ስለሚተርክ፣ የዝቋላ ተራራ ዱር በሕዝቡ ዘንድ የጻድቁ ዱር ተብሎ ሲከበር ኖሯል። በሰሜኑ ደጋ እርሻና ግጦሽ አገሩን ሲያራቁቱ በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ደን ሊቀር የቻለው ቦታው በምድር ላይ የገነት አምሳል ነው ተብሎ ስለ ተማረ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። እኒህ ሊቅ «እመጓ»ን የመሳሰሉ ልብ ወለዶችንም በአማርኛ ጽፈዋል። ከአሜሪካዊቱ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ደኖቹ ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚያንሱ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ለካህናቱ ባሳዩ ጊዜ፣ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ይሠራ ያሉት ካህናቱ ናቸው። አስቀድሞ በመጽሐፍ የተዘጋጀ ልብ ባይኖር ኖሮ ያ ሥዕል ብቻውን አጥር ባላሠራ ነበር።

በውጭው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ራሔል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1962 የነፍሳት መግደያ መድኃኒት ወፎችን እንደሚያጠፋ የሚናገር መጽሐፍ አወጣች፤ በ10 ዓመቱ ዲዲቲ በአገሯ እርሻ ላይ እንዳይረጭ ተከለከለ።

እንግዲህ ወደ ቆላው እንውረድ። የመጻሕፍታችን ደን ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ተራራና ደብር ነው። ቆላ በብዙ ትረካዎቻችን ውስጥ የወባና የአራዊት አገር፣ መናኝ የሚፈተንበት በረሃ ሆኖ ይታያል። የዕጣኑ ዛፍ ግን በዚያ ነው የሚበቅለው፤ በዓባይና በተከዜ ሸለቆዎች፣ በመተማና በቋራ፣ በመተከልና በአሶሳ ዞን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ፣ በበጋ ቅጠሉን ፈጽሞ የሚያራግፍ ነው፤ ከሄኖክ 14 ዛፎች ወገን አይደለም።

ሊቃውንት ለዛፉ የሰጡት ስም ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል «ወረቀት የሚያፈራ» ማለት ነው። ይህን ስም ያመጣው ታሪክ መታወቅ ይገባዋል። ፍሬዴሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1821 እና በ1822 ከግብፁ ገዥ ከመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ጋር ዓባይን ተከትሎ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ወጣ። ሠራዊቱ የመጣው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ካዮ በመንገዱ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ደሊል የተባለ የአገሩ ሊቅ በ1826 በመጽሐፍ ሲያወጣ ይህንንም ዛፍ በዚያ ገለጠው። ሰብአ ሰገል ካመጧቸው ሦስት መባዎች ሁለቱ፣ ወርቅና ዕጣን፣ በዚህ አገር ይገኛሉ፤ ጦር የሳበው ግን ወርቁ ነው። ዕጣኑን የጻፈው ከጦሩ ኋላ የተከተለ አንድ መንገደኛ ነው፤ እኛ ግን ዕጣኑን ለብዙ መቶ ዓመታት ስናጥን ኖረን ስለ ዛፉ የጻፍነው ጥቂት ነው።

አሁን ዛፉ ያለበት ሁኔታ የሚያሳዝን ነው። ዕጣን ሠራተኛው በበጋ ከግንዱ ቅርፊት ትንሽ ሥፍራ ይልጣል፤ ከቁስሉም ነጭ ፈሳሽ ወጥቶ ይደርቃል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይለቀምና ቁስሉ ይታደሳል፤ እየሰፋም ይሄዳል። በኤርትራ ተደርጎ በ2006 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ካልቈሰሉ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከመቶ 80 በላይ ሲበቅል፣ ዘወትር ከሚቈስሉት የተለቀመው ከመቶ 16 እንኳ እንደማይበቅል አሳይቷል። በ2019 ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ዱሮችን ያጠኑ ሊቃውንት ከአራቱ እጅ ሦስቱ በሚበልጡት ታዳጊ ዛፍ አላገኙም። አሮጌው እየሞተ ተተኪ ስለ ሌለው፣ የዕጣኑ መጠን በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምተዋል። ምክንያቱ መላጥ ብቻ አይደለም፤ የበጋ እሳት አለ፣ ችግኙን የሚበላ ከብት አለ፣ ግንዱን የሚበሳ ጢንዚዛ አለ፣ ዱሩን የሚመነጥር የሰሊጥ እርሻም አለ። ስለዚህ ዕጣን ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ እንዲያውም ዛፉ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ፈጥኖ በተመነጠረ ነበር።

ይህ ዕጣ የዕጣን ዛፍ ብቻ አይደለም። የአሶሳ መታወቂያ የሆነው ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ይሞታል፤ በዚያ ወራት እሳትና ከብት ከገባበት ቦታው ባዶ ይቀራል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የመጡት ሰፋሪዎች በብዙ ቦታ እርሻ ያገኙት ሽመሉንና ዱሩን መንጥረው ነው። እነርሱም ቢሆኑ በግድ ከቀዬአቸው የተነሡ ብዙ ነበሩባቸው፤ የተለማመዱት የደጋ ዛፍ እንጂ የቆላ ዛፍ አልነበረምና ማን ያስተምራቸው? በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ግድብ ምክንያትም በጉባ የሸለቆው ዱር ተመንጥሮ ውኃ ተኝቶበታል። ግድቡ መሠራቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን በዚያ ሸለቆ የነበሩት ዛፎች ስማቸውና ጥቅማቸው ምን ያህል በአማርኛ ተጽፎ ቀርቷል?

የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የማኦውና የኮሞው ሽማግሌ የአገሩን ዛፍ በየቋንቋው ስም ያውቀዋል፤ የሚያስተላልፈው ግን በቃል ነው። ሽማግሌው ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ከካህናቱ መካከል በዚያ አገር የሚያገለግሉ ወንድሞቻችን ይህን ሥራ ሊጀምሩት ይችላሉ ብለን እናምናለን፤ ብራናና ቀለም ለአባቶቻችን የሆነው፣ ለእነርሱ ደብተርና እርሳስ ይሁንላቸው። ሽማግሌውን ጠይቀው የዛፉን ስም በበርትኛና በጉሙዝኛ ይጻፉ፤ የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚያብብ፣ በየትኛው ቁልቁለት ታዳጊ እንዳለና እንደሌለ ይመዝግቡ። የሥነ ፍጥረት መምህሩም የሠሉስን ዕለት ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደ ዱሩ ይውጣ። በከተማ ያለነው ደግሞ ዕጣን ስንገዛ ነጋዴውን ከየት አገር እንደመጣ እንጠይቀው፤ ሊቃውንቱም ዛፉ ለጥቂት ዓመታት ሳይላጥ እንዲያርፍ፣ ቦታውም ከከብትና ከእሳት እንዲከለል ይመክራሉና፣ ዕጣኑ ከእንዲህ ያለ ዱር የመጣ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ገዢ መኖሩ ይሰማ። ለምዝገባው የሚመቸው ወራት ሰኔ ነው፤ መላጡ አብቅቶ ዛፉ ቅጠል ስለሚያወጣ፣ የቆመውና የደረቀው በዚያን ጊዜ ይለያል።