ሙቀትና ድርቀት በበቆሎ አበባ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት

በዱቦና በአካባቢው ያለ ገበሬ በአንዳንድ ዓመት የሚያሳዝን ነገር ያገኛል። በቆሎው ለምልሞ ቁመቱም ከሰው በልጦ ሳለ፥ እሸቱ ሲላጥ ቆረቆንዳው ባዶ ይሆናል፤ ወይም እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህና እዚያ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይታይበታል። ይህን ጊዜ አንዱ ዘሩን፥ ሌላው ክፉ ዓይንን ምክንያት ያደርጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአበባው ወራት የደረሰው ሙቀትና ድርቀት ነው።

የበቆሎ አበባ ሁለት ነው። ወንዴው በአገዳው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሴቴው ግን በአገዳው መካከል በቅጠል ተጠቅልላ ሐር የመሰለ ጺም ታወጣለች። ከጫፍ የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ በነፋስ ተወስዶ በጺሙ ላይ ሲያርፍ ፍሬ ይፀነሳል። እያንዳንዱ የጺም ክር የሚያያዘው ከአንዲት ፍሬ ጋራ ብቻ ነው። ስለዚህ ብናኝ ያልደረሰው ክር ቢኖር የዚያች ፍሬ ስፍራ ባዶ ይቀራል።

ዝናብ ሲቋረጥና አየሩ ሲግል ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። 1ኛ፤ ብናኙ በጽኑ ሙቀት ደርቆ ኃይሉን ያጣል። 2ኛ፤ ጺሙ ከውሃ ጥማት የተነሣ ይዘገያል፤ ብናኙ ረግፎ ካለቀ በኋላ ቢወጣም አይጠቅምም። 3ኛ፤ የተፀነሰችው ፍሬ ምግብ አጥታ ትጨነግፋለች። በቆሎ ውሃን አጥብቆ የሚፈልገው ጺም ከሚያወጣበት ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ሳምንታት ነው።

ይህ ጠባይ የበቆሎ ብቻ አይደለም። በፎገራ ሜዳ በሰፊው የሚዘራው ሩዝ አበባው በተከፈተበት ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ቢያልፍ፥ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ቢቆይ፥ ዛላው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም በ1952 ዓ.ም. በፊሊፒንስ አገር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ የሚያብብ ሩዝ ለማግኘት ደክሟል።

ዱቦ ወይና ደጋ ስለ ሆነች ሙቀቱ ብቻውን አያሰጋትም፤ የሚያሰጋት ዝናብ ሲቋረጥ የሚመጣው ድርቀት ነው። ወደ ኦሞና ወደ ብላቴ በሚወርደው ቆላ ግን ሁለቱ ጠላቶች በአንድነት ይመጣሉ። በ1992 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ከመጉደሉ የተነሣ በወላይታ ጽኑ ረኃብ ደርሶ ነበር፤ ሜዳው እየለመለመ ሰው ስለ ተራበም ብዙዎች «አረንጓዴ ረኃብ» ብለው ጠርተውታል። ስለዚህ የቅጠል ልምላሜ የጥጋብ ምልክት እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል።

የቀድሞ አባቶች በየቤታቸው ጓሮ እንሰት መትከላቸው ታላቅ ጥበብ ነው። የእንሰት ምግብ የሚገኘው ከግንዱና ከሥሩ እንጂ ከፍሬው ስላይደለ፥ የአንድ ሳምንት ሙቀት የብዙ ዓመት ድካምን አያጠፋበትም። እንሰቱን ሁሉ ነቅሎ በቆሎ ብቻ የሚዘራ ሰው ግን ተስፋውን በጥቂት ቀኖች ላይ ይጥላል።

ለበቆሎም ቢሆን መድኃኒት አለው። ማሳውን ከፍሎ በልዩ ልዩ ሳምንት መዝራት አበባው ሁሉ በአንድ ቀን ክፉ ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት ፈጥነው የሚደርሱ ዘሮች ለዝናብ አጠር ቆላ ይረዳሉ። አረሙን በጊዜው መንቀል፥ አፈሩን በገለባ መሸፈን፥ አዝርእቱንም አለማጨናነቅ እርጥበትን ይጠብቃል። ጥቂት የመስኖ ውሃ ያለውም ሰው ለአበባው ጊዜ ቢያቆየው ይሻላል።

መምህር ይህን ነገር በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይን ማስተማር ይችላል። በትምህርት ቤቱ ማሳ ላይ ጺም ገና ያላወጣች አንዲት የበቆሎ ራስ በወረቀት ከረጢት ተሸፍና ትታሰር፤ ጎረቤቷ ግን ሳትሸፈን ትቀመጥ። የማሳው አበባ ሁሉ ሲያልፍ ከረጢቱ ይፈታ። በመከር ሁለቱ ጎን ለጎን ሲላጡ የተሸፈነችው ባዶ ቆረቆንዳ ሆና ትገኛለች። ይህን ያየ ልጅ በአባቱ ማሳ ባዶ ቆረቆንዳ ቢያገኝ፥ ትል ጺሙን በልቶት እንደ ሆነ፥ ዝናብም የቀረው በየትኛው ሳምንት እንደ ሆነ ይመረምራል እንጂ ጎረቤቱን አይከስስም። ምክንያቱን ያወቀ ቤተ ሰብም የሚመጣውን ዓመት ዘር በጊዜው ያስባል።