ስለ ታጠፈ ወረቀት ልባስ

ጥያቄ፦ ከወረቀት አጥፌ የምሠራቸውን ጉትቻዎች እንዲጠነክሩ በውሃ የቀጠነ ቪናቪል ሙጫ ብቀባቸው እጥፋቸው ተፈታ፣ ቀለማቸውም ፈሰሰ። ምን ይበጃል?

መልስ፦ ወረቀት ከዕፀዋት ቃጫ የተሠራ ስለሆነ፣ ውሃ በነካው ጊዜ ቃጫው አብጦ እጥፉን ያጸናው ኃይል ይላላልና፣ ጥፋቱ የውሃው እንጂ የእጅዎ አይደለም። እንግዲህ ጉትቻውን በክር አንጠልጥለው፣ በአኳራጅ የሚቀጥን ቀለም አልባ ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ እጅግ አሳስተው ይቀቡት፤ በደንብ ሲደርቅም ይድገሙት፤ በአንድ ጊዜ ቢያወፍሩት በእጥፉ ስርጉድ ይጠራቀማልና። ይህ ቫርኒሽ ነጩን ወረቀት ቢጫ ሊያስመስለው፣ አንዳንዱንም ቀለም ሊያሟሟው ስለሚችል፣ አስቀድመው በቁራጭ ላይ ይፈትኑት። ሥራው ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ራስዎን ቢያዞርዎ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በውርስ የቆየ ጥንታዊ ወረቀት ግን፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ሳያማክሩ ፈጽሞ አይቀቡ።