ኩላሊት ለመስጠት ስትሄድ ይሉኝታህን ቤት ተወው

ልጄ፣ እህትህ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ወዲህ ዘመድ አዝማዱ ዓይኑን አንተ ላይ እንደጣለ ሰምቻለሁ። ጤነኛ ነህ፣ ገና ሠላሳ አልሞላህም፣ ኮምቦልቻ ደህና ሥራ ይዘሃል፣ ትዳርም የለህም። ባሏ እንዳይሰጥ ስኳር አለበት። ስለዚህ በእነሱ ሒሳብ ነገሩ አልቆለታል። እኔ አክስትህ ግን ዕድሜዬን ደሴ ውስጥ በነርስነት የፈጀሁ ነኝና ጥቂት የምልህ አለኝ። በቁጥር የጻፍኩልህ ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ አንድ በአንድ እያነሳህ እንድትጠይቅበት ነው።

1. በሽታውን እወቀው። ኩላሊት ሲታመም አይጮህም። አብዛኛው ሥራው እስኪጠፋ ድረስ ሰውየው ሰኞ ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ይበላል። ሽንት አረፋ ሲያበዛ፣ ጠዋት ፊት ሲያብጥ ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ ማቅለሽለሹና ማሳከኩ ሲመጣ ደግሞ ብዙው አልፏል። ዋነኞቹ ምክንያቶች ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። እህትህ የግፊት መድኃኒቷን «ተሽሎኛል» ብላ የተወችውን ዓመት አንተም ታስታውሰዋለህ። ለወገብ ሕመም እየተባለ ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የሚገዛው ዲክሎፍናክም የራሱ ድርሻ አለው። ይህን ሁሉ የምነግርህ አንተም የዚያው ቤት ልጅ ስለሆንክ ነው። ግፊትና ስኳር በዘር ይሄዳሉ፤ ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያበዛው በሽታም ከወላጅ ይወረሳል። ስለዚህ ለእሷ ብለህ ከመመርመርህ በፊት ለራስህ ብለህ ተመርመር፦ ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን። አራቱም ቀላል ምርመራዎች ናቸው።

2. እጥበቱን ቀርበህ እየው። በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ውሰድና አብረሃት ዋል። ክንዷ ላይ ፌስቱላ፣ ማለትም ለእጥበቱ የተጋጠመው የደም ሥር፣ የተሠራበትን ቦታ በጣትህ ብትነካው ከሥር ሲርገበገብ ይሰማሃል። መርገብገቡ ካቆመ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው። በዚያ እጇ ደም አይቀዳም፣ ግፊት አይለካም፣ ዘንቢል አይንጠለጠልም። ከማሽኑ ስትነሳ ደግሞ ሐረጎን ቁልቁል በሚኒባስ ስትወርድ እያት፤ ያን ቀን ወጥ መሥራት ይቅርና ሰላምታ መመለስ ያቅታታል።

ምግቧንም ተማር። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ «ብይ እንጂ» እያላችሁ የምትደረድሩላት ተምር ፖታሲየም የሞላበት ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ አቮካዶም እንደዚያው። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲከማች ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። ውሃውም ተለክቶ ነው የሚጠጣው። መጾም አለመጾሟን ሐኪሟ ይወስን፤ እናትህ አይደለችም።

በእጥበት ዓመታት የሚኖር ሰው አለና እህትህ ነገ ትሞታለች ብለው አያጣድፉህ። ሆኖም ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ሕይወት መብራቱም ውሃውም መድኃኒቱም ሰላሙም አንድ ላይ እንዲገኙለት ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ የሆስፒታሉ ዕቃ መዘረፉን አልረሳነውም። አዲስ ኩላሊት ያገኘ ሰው ቢያንስ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ መሰደድ ይችላል። ንቅለ ተከላው ይሻላል የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

3. አሁን ዋናውን ልንገርህ። መስጠት ግዴታህ አይደለም። ይህን የሚልህ ሌላ ሰው ስለማታገኝ ደግሜ እለዋለሁ፤ ግዴታህ አይደለም። እኛ ወሎዎች ለሰው ማድረግ እንወዳለን፤ ችግራችን «እምቢ» ማለት ሞት መሆኑ ነው። እናትህ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊትህ አስቀምጣ ብታለቅስ ምን ትላለህ? «እሺ» ነው የምትለው። ያ እሺታ ግን ያንተ አይደለም፣ የዕንባዋ ነው። ከዓመት በኋላ ወገብህን በቆረጠመህ ቁጥር፣ ከእህትህ ጋር በውርስ ቤት በተጣላችሁ ቁጥር ያ ዕንባ ትዝ ይልሃል።

ስለዚህ ውሳኔህን ከቤተሰቡ ዓይን ርቀህ አድርገው። ሁለት ሳምንት ማንንም አታናግር። በደንብ በሚሠሩ የንቅለ ተከላ ማዕከሎች ለጋሹን ብቻውን፣ ከታማሚው ሐኪም የተለየ ባለሙያ ያነጋግረዋል። እዚያ ወንበር ላይ እውነቱን ተናገር፦ ፈራሁ፣ አልፈልግም፣ እናቴ አስገደደችኝ። «ለመስጠት ብቁ አይደለም» ብለው ለቤተሰቡ መልስ የሚሰጡና ምስጢሩን የሚይዙ ሐኪሞች በዓለም ሁሉ አሉ። ይህም ማታለል አይደለም፤ ሳይፈልግ የሚሰጥ ሰው በሕክምናም ብቁ አይደለምና። ፈቃድህን ፈርመህም ቢሆን ማደንዘዣው እስኪሰጥህ ድረስ መተው ትችላለህ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልስጥ ካልክ ግን እሰየው፣ የኔ ጌታ። ያኔ የሰጠኸው አንተ ነህ።

4. ምርመራው ረጅም ነው፣ አትሰላች። መጀመሪያ የደም ዓይነት፦ ኦ ለሁሉም ይሰጣል፣ ኤቢ ከሁሉም ይቀበላል፤ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የሚባለው ለኩላሊት አያስጨንቅም። ቀጥሎ የኅብረ ሕዋስ ምርመራ አለ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ ሙሉ ባይገጥምም መስጠት ይቻላል። ከዚያ ያንተ ደምና የእሷ ደም ይቀላቀልና ሰውነቷ ያንተን ይዋጋ እንደሆነ ይታያል። ሄፓታይተስ፣ ኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኩላሊትህን የደም ሥር የሚያሳይ ሲቲ ስካን ይከተላሉ። መሐል ላይ አንዱ ቢያስቀርህ አትዘን። ያላወቅኸውን በሽታ በጊዜ ነግረውሃል።

5. ቦታውና ሕጉ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አብረው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕንድ ወይም ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው ያው የሌለው ነው። ማዕከሉ የተነሳው በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው፤ ስለዚህ ዝምድናችሁን የሚያስረዳ ወረቀት ከወዲሁ አዘጋጁ።

ደላላ የሚባል ሰው ቢደውልላችሁ ስልኩን ዝጉ። ኩላሊት አይሸጥም፣ አይገዛም። በሃይማኖት በኩል ለሚጠይቁህም መልስ አለህ፦ በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ሕይወት አደጋ ላይ ሳይጥል አካል መለገስ እንደሚችል፣ መሸጥ ግን እንደማይፈቀድ ወስኗል። የባሏ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸውና እነሱም የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

6. ቢላዋው። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ኩላሊቱን ሰጠ፤ ቀዶ ሕክምናውን የመራው ጆሴፍ መሪ በኋላ ኖቤል ተሸለመ። ተቀባዩ 8 ዓመት ተጨማሪ ኖረ። ሰጪው በ79 ዓመቱ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። «አንድ ኩላሊት ይዞ ሰው ይኖራል ወይ?» ለሚሉ ጎረቤቶች ይህን ንገራቸው። የቀረው ኩላሊት ትንሽ ያድግና ከቀድሞው የሁለቱ ሥራ 70 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይሸከማል። ያንተ ኩላሊት እህትህ ጋ ሲደርስ የሚቀመጠው ታች ሆዷ ላይ በጎን በኩል ነው፤ የራሷ የታመሙት አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ።

አደጋ የለውም ለሚልህ ግን አትመን። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች 3 ያህሉ በቀዶ ሕክምናው ሰበብ ሞተዋል። በዕድሜ ልክ ሒሳብ ደግሞ ከ10,000 ለጋሾች 90 ያህሉ ራሳቸው የኩላሊት ድክመት ይደርስባቸዋል ተብሎ ተገምቷል፤ ያልሰጡ ጤነኞች ላይ ግምቱ 14 ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ታናሽ እህትህም «እኔ እሰጣለሁ» እያለች ነው አሉኝ። ኩላሊት የሰጠች ሴት ስታረግዝ ደም ግፊት የመነሳቱ ዕድል ከፍ ይላል፤ በአንድ የካናዳ ጥናት 11 በመቶ ነበር፣ ካልሰጡት 5 በመቶ። መውለድ የምታስብ ከሆነ ይህን ሳትሰማ አትፈርም።

ከሰጠህ በኋላ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ጆንያ አታነሳም። በየዓመቱ ግፊት፣ ክሬቲኒንና ሽንት ትመረመራለህ። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ከቤትህ ይውጡ።

7. ገንዘቡን ሳታፍሩ ቁጠሩት። ቀዶ ሕክምናውን ብቻ የሚያስብ ቤተሰብ ሁልጊዜ ይጎዳል። አዲስ አበባ የምትከራዩት ቤት፣ ምርመራው፣ 400 ኪሎ ሜትሩን መመላለሱ፣ አንተ ከሥራ የምትቀርበት ደመወዝ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እህትህ ዕድሜ ልክ የምትውጠው መድኃኒት። የመንደሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ለለቅሶ የሚያዋጣውን ያህል ለሕያው ሰው ቢያዋጣ ምን አለበት? ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ ወደ አንተ ሳይሆን ወደ ቅሬው ይላክ። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ የመድኃኒቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? መልስ ካልተገኘ ቀዶ ሕክምናው ይቆይ። መድኃኒት የተቋረጠበት ኩላሊት ይሞታል፣ ያኔ አንተም ከሰርህ።

8. ከንቅለ ተከላው በኋላ የእሷ ጉዳይ ነው። ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ። እንደ ሄሪክ ወንድማማቾች አንድ ዓይነት መንታ ስላልሆናችሁ ሰውነቷ ያንተን ኩላሊት እንደ እንግዳ ያየዋል፤ መድኃኒቱ ነው የሚያስታግሰው። ያው መድኃኒት መከላከያዋን ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርባት፣ የሚያስል ሰው አጠገብ አትቀመጥ። የባሕል መድኃኒት የሚባል ነገር ደጇ አይድረስ፤ ከኪኒኑ ጋር ተጣልቶ ኩላሊቱን ሊያሳጣት ይችላል። ደህና ከተያዘ ከሕያው ሰው የተገኘ ኩላሊት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ለዘላለም አይደለም፤ ቢደክምም የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል።

አንተም ዘበኛዋ አትሁን። «ኩላሊቴን ሰጥቼሽ ጨው ትበያለሽ?» የሚል ወንድም አይቻለሁ። የሰጠኸው ከሰጠህ በኋላ የእሷ ነው።

9. አብሽር፣ አትቸኩል። ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ቡና ሳትጠጣ ጤና ጣቢያ ገብተህ ግፊትህን ተለካ፣ ደምና ሽንት ስጥ። የደም ዓይነትህን አስጽፍ። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ ደውል፣ ለእናትህ አትደውል። ምንም ቢሆን ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ።