ለምግብ ቤት ጎጆ ሰው ሠራሽ ሣር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የባህል ምግብ ቤት አለኝ። የጎጆዎቹ ሣር ክዳን ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስሳል፤ ጥሩ ከዳኝ ማግኘትም እየከበደ ነው። በሰው ሠራሽ ሣር ብለውጠው ይበረክታል? ሻጮች «ሃያ ዓመት» ይሉኛል።

መልስ፦ ሣርዎን የሚያበሰብሰው እርጥበት ነው፤ ፕላስቲክን የሚያስረጀው ግን ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። የባሕር ዳርቻ ሆቴል ላይ ሃያ ዓመት የቆየ ዕቃ እዚህም ያን ያህል ይቆያል ማለት አይደለም። የፀሐይ መከላከያው ከፕላስቲኩ ጋር የተቀላቀለ እንጂ ላዩ ላይ የተቀባ አይሁን። ዋስትናውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቀለም መልቀቅንና መሰባበርን መሸፈኑንም ያንብቡ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። በባህል ቤት ከሰሉም ጥብሱም ጣሪያው ሥር ነው፤ ተራ ፖሊኤቲሊን ደግሞ ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። የእሳት ፍተሻ ሰነድ ይጠይቁ። ናሙናውን ሜዳ ላይ ለኩሰው እሳቱን ሲያርቁት መንደዱን ከቀጠለ ይተዉት። ቢጠፋም ሙከራው ሰነዱን አይተካም።

ሰው ሠራሹ ሣር በአብዛኛው ጌጥ ነው፤ ዝናቡን የሚመልሰው ከሥሩ የሚነጠፈው ቆርቆሮ ወይም ውኃ የማያስገባ ንጣፍ ነው። ያረጀው የባሕር ዛፍ ማገር የሣሩንና የንጣፉን ክብደት እንዲሁም ነፋሱን መቻሉን የስትራክቸር መሐንዲስ ይይልዎት። ስለ ጭስ ማውጫውና ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት የከተማዋን የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ባለሙያዎች ያማክሩ።